ነቅለው የማይጥሉት እሾህ፦ የልብ አጋዥ ፓምፕ ሲመረቅዝ ቀዶ ሕክምና ምን ያደርጋል?

በእግር ውስጥ ተሰብሮ የቀረ እሾህ እስካልወጣ ድረስ ቁስሉ አይሽርም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ በባዶ እግሩ ከብት የጠበቀ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እናት ወይም ታላቅ ወንድም መርፌና ወረንጦ ይዘው እሾሁን ፈልፍለው ያወጣሉ፤ ጥቂት መግልና ደም ይፈስሳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁ መሮጥ ይጀምራል። ዘመናዊው ቀዶ ሕክምናም የሚመራው በዚሁ ሕግ ነው። በሰውነት ውስጥ ያለ ባዕድ ነገር ከተበከለ መውጣት አለበት። የመረቀዘ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ከነሽቦው ይወጣል፤ የመረቀዘ ሰው ሠራሽ የዳሌ መጋጠሚያም ብዙ ጊዜ ወጥቶ በሌላ ይተካል።

ባዕዱ ነገር ራሱ የታካሚው ሕይወት በሚሆንበት ጊዜስ? ደም የሚገፋው እርሱ ከሆነ፣ ቢነቀል ታካሚው በሕይወት መቆየት የማይችል ከሆነ፣ ሐኪሙ ምን ያድርግ? በልብ አጋዥ ፓምፕ የሚኖሩ ሰዎችን የሚያክሙ ሐኪሞች በየጊዜው የሚገጥማቸው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ለመረዳት አስቀድሞ ፓምፑ ምን እንደሆነና ደካማ ጎኑ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልብ ሲደክም

የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም፤ ለሰውነት የሚበቃውን ያህል ደም መግፋት ተሳነው ማለት ነው። መንስኤው ብዙ ነው። ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት፣ የልብን ጡንቻ የሚመግቡ የደም ቧንቧዎች መዘጋት፣ የልብ ጡንቻ ሕመም፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ጀምሮ ቫልቮችን የሚያበላሽ የሩማቲክ በሽታ ሁሉም ወደዚያው ያደርሳሉ። ታካሚው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፤ እግሩ ያብጣል፤ ሌሊት ተጋድሞ መተንፈስ ስለሚከብደው በትራስ ላይ ትራስ ደርቦ ያድራል።

መድኃኒት ብዙዎችን ይረዳል። መድኃኒት የማይበቃቸው ሰዎች ዋና ተስፋ የልብ ንቅለ ተከላ ነው። ነገር ግን የሚለገሰው ልብ ቁጥር ሁልጊዜም ከሚጠብቀው ሰው ቁጥር ያንሳል፤ በዕድሜ ወይም በሌላ ሕመም ምክንያት ለንቅለ ተከላ የማይበቁ ታካሚዎችም አሉ። የልብ አጋዥ ፓምፕ የተፈጠረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ፓምፑ ልብን አይተካም። ከግራው የልብ ታችኛ ክፍል ጫፍ ላይ ተገጥሞ ደሙን ይቀበልና በቧንቧ አማካይነት አዎርታ ወደሚባለው ዋና ደም ቅዳ ቧንቧ ይገፋዋል። በዛሬዎቹ ፓምፖች ውስጥ የምትገኘው ትንሽ መዘውር በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ትሽከረከራለች። ደሙ እንደ ልብ ምት እየተቆራረጠ ሳይሆን እንደ ወንዝ ያለማቋረጥ ስለሚፈስስ፣ የብዙዎቹ ታካሚዎች የእጅ ትርታ በጣት ሲዳሰስ አይገኝም። ሰውየው ቆሞ ያወራል፣ ይስቃል፣ ቡና ይጠጣል፤ ትርታው ግን የለም።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። አሜሪካዊው የልብ ቀዶ ሐኪም ማይክል ደቤኪ በ1966 ሂዩስተን ውስጥ አንዲት ታካሚን በአጋዥ ፓምፕ ለ10 ቀናት ረድተው፣ ልቧ ሲያገግም ፓምፑን አወጡላት። ፓምፑ ለዓመታት አብሮ የሚኖር መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል የታየው ግን በ2001 በታተመ ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ለንቅለ ተከላ የማይበቁ 129 የጠና ልብ ድካም ታካሚዎች በሁለት ተከፍለው ነበር፤ ገሚሱ በመድኃኒት ብቻ ታከመ፣ ገሚሱ ፓምፕ ተገጠመለት። ከአንድ ዓመት በኋላ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት መካከል በሕይወት የተገኙት ከመቶ 25 ሲሆኑ፣ ፓምፕ ከተገጠመላቸው ግን ከመቶ 52 ነበሩ።

ውጤቱ ታላቅ ዜና ነበር። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን ሌላ መርዶም ነበረ። ፓምፕ ከተገጠመላቸው ታካሚዎች መካከል ከሞቱት 41 ሰዎች ውስጥ 17ቱን የገደለው የልብ ድካሙ ሳይሆን ወደ ደም የተሠራጨ ኢንፌክሽን ነበር። ሰዎቹ ከደከመ ልብ ተርፈው በተህዋስያን ተረቱ።

በቆዳ ላይ የተከፈተ በር

ከ2001 ወዲህ ፓምፖቹ እጅግ ተሻሽለዋል። ያኔ የነበረው ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝንና በሆድ ግድግዳ ውስጥ ሰፊ ማኅደር የሚፈልግ ነበር። ዛሬ በስፋት የሚገጠመው ሃርትሜት 3 የሚባለው ፓምፕ በመዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ስለሚቀመጥም በሆድ ውስጥ ማኅደር አያስፈልገውም። መዘውሩም በማግኔት ኃይል ተንሳፍፎ የሚዞር ነው። በ2022 በታተመ ውጤት መሠረት ይህ ፓምፕ ከተገጠመላቸው ሰዎች ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከመቶ 58 ያህል ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ፓምፑ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ኤሌክትሪኩም ከውጭ ይመጣል። ስለዚህ ከፓምፑ የሚነሣ ገመድ ከቆዳ ሥር ተጉዞ፣ በሆድ ግድግዳ ላይ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ፣ ታካሚው ወገቡ ላይ ከሚይዘው መቆጣጠሪያና ከባትሪዎቹ ጋር ይገናኛል። ታካሚው ሲተኛም ሲነሣም፣ ሲጸልይም ሲሠራም ገመዱ አብሮት ነው።

ቆዳ የሰውነት የመጀመሪያው ቅጥር ነው። በቅጥሩ ላይ ቀንና ሌሊት የማይዘጋ በር ሲከፈት በዚያ የሚገባ ጠላት አይጠፋም። ጥናቶች እንደየዘመኑና እንደየመሣሪያው ቢለያዩም፣ ከአምስት የፓምፕ ታካሚዎች በግምት አንዱ የገመድ ኢንፌክሽን ያጋጥመዋል።

የሚደንቀው ነገር ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምረው ባክቴሪያ ሳይሆን ጉተታ መሆኑ ነው። ገመዱ ከሆድ ከወጣበት ቦታ ቆዳውና በገመዱ ላይ ያለው ሻካራ ጨርቅ መሰል ሽፋን ተጣብቀው ይያያዛሉ። ይህ መያያዝ ከጥቃቅን ማኅተም ይቆጠራል። መቆጣጠሪያው ከእጅ ሲያመልጥ፣ ገመዱ በበር እጀታ ሲያዝ፣ ሕፃን ልጅ ሲስበው ማኅተሙ ይቀደዳል። በተቀደደው በኩል በቆዳ ላይ በሰላም ይኖሩ የነበሩ ተህዋስያን ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ እርጥበት የሚወደው ሱዶሞናስ ይከተላል፤ አልፎ አልፎም ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ይገኛል።

መድኃኒት ለምን ብቻውን አይበቃም?

አሜሪካዊው ሐኪም አንቶኒ ግሪስቲና በ1987 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ በሰው ሠራሽ ዕቃዎች ላይ የሚሆነውን ነገር «ወደ ገጹ የሚደረግ እሽቅድምድም» ብለው ገልጸውት ነበር። ብረት ወይም ፕላስቲክ በሰውነት ውስጥ በገባ ጊዜ የሰውየው ሕዋሳትና ባክቴሪያዎች ገጹን ቀድሞ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። ሕዋሳቱ ከቀደሙ ዕቃው እንደ አካል ይዋሐዳል። ባክቴሪያው ከቀደመ ግን ጎጆውን ይቀልሳል።

ይህ ጎጆ ባዮፊልም ይባላል። ባክቴሪያዎቹ ከገጹ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው በሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ተሸፍነው በኅብረት ይኖራሉ። ሽፋኑ የሰውነትን ተከላካይ ሕዋሳት ያግዳል። ከሥሩ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ እድገታቸውን ስለሚያዘገዩ፣ በእድገት ላይ ያለን ባክቴሪያ ለመግደል የተሠራው መድኃኒት እምብዛም አይጎዳቸውም። በባዮፊልም ውስጥ ያለን ባክቴሪያ ለማጥፋት ከተለመደው መጠን ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያን ያህል መድኃኒት ደግሞ ሰውነት አይሸከምም።

ስለዚህ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ መቅላቱ ይጠፋል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ታካሚው ዳነ ይባላል። መድኃኒቱ በቆመ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያው ጠላት ከጎጆው ይወጣል። ብዙ ታካሚዎች መድኃኒቱን ለወራት፣ አንዳንዶችም ፓምፑ በውስጣቸው እስካለ ድረስ እንዲወስዱ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠላት የት ደርሷል?

ቀዶ ሐኪሙ ቢላ ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ኢንፌክሽኑ እስከ የት ዘልቋል? ከቆዳ ላይ ያለ መቅላትና ጥቂት ፈሳሽ አንድ ነገር ነው። በገመዱ መሿለኪያ ተጉዞ ጡንቻ ውስጥ የደረሰ መግል ሌላ ነገር ነው። ፓምፑን ራሱን የያዘ ወይም ወደ ደም የገባ ኢንፌክሽን ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው።

ይህን መለየት ቀላል አይደለም። ፓምፑ ብረትና ማግኔት ስላለው ታካሚው በማግኔት የሚሠራውን የኤምአርአይ ምርመራ ማድረግ አይችልም። በሲቲ ስካንም ብረቱ ምስሉን ያደበዝዘዋል። በዚህ ረገድ እየረዳ ያለው ፔት የተባለው ምርመራ ነው። ጥቂት ጨረራ የታከለበት ስኳር በደም ሥር ይሰጣል፤ ኢንፌክሽን ያለበት ቦታ ስኳሩን አብዝቶ ስለሚወስድ በምስሉ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከዚህ ጋር የደምና የፈሳሽ ናሙና ተወስዶ የባክቴሪያው ዓይነትና የሚበግረው መድኃኒት ይታወቃል። ናሙናው የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ቤት ውስጥ የተረፈ ክኒን ውጦ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ታካሚ ሐኪሞቹ ባክቴሪያውን እንዳያገኙት ያደርጋል።

ሳይነቅሉ ማከም

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። እሾሁ መነቀል ካልቻለ ቀዶ ሕክምናው በእሾሁ ዙሪያ ያለውን ሥጋ እያዳነ፣ ጠላትን እያዳከመና ጊዜ እየገዛ ይቀጥላል። አሠራሩም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ መክፈትና ማጽዳት ነው። በገመዱ መንገድ ላይ የቆመው መግል ይፈስሳል፤ የሞተና የተበከለ ሥጋ ተቆርጦ ይወጣል፤ ገመዱ በፀረ ተህዋስያን ፈሳሽ ይታጠባል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ታካሚው ግን በፓምፑ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል። መድኃኒቱ ከበዛ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ደሙ አልቆም ይላል፤ ከቀነሰ ፓምፑ ውስጥ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በዚያ ላይ ቢላው የሚሠራው የታካሚው ሕይወት ከተንጠለጠለበት ገመድ በሚሊሜትር ርቀት ነው። ገመዱ ቢጎዳ ፓምፑ ይቆማል።

ቁስሉ ከጸዳ በኋላ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይሰፋም። ስፖንጅ ተሞልቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ ከትንሽ መምጠጫ ማሽን ጋር ይያያዛል። ማሽኑ ፈሳሹን ያለማቋረጥ እየመጠጠ አዲስ ጤነኛ ሥጋ እንዲያድግ ይረዳል። ስፖንጁ በየጥቂት ቀኑ ይቀየራል፤ ቁስሉም እየታየ ዳግመኛ ይጸዳል።

ሁለተኛው ደረጃ ገመዱን ከተበከለው መንገዱ ማዛወር ነው። ቀዶ ሐኪሙ ገመዱን ከአሮጌው መሿለኪያ ያወጣውና በጤነኛ ሥጋ ውስጥ አዲስ መንገድ ቀድዶ በሌላ የሆድ ክፍል በኩል ያስወጣዋል። የተበከለው አሮጌ መንገድ ተከፍቶ ከሥር ወደ ላይ እንዲሽር ይተዋል። እሾሁ ባይነቀልም ከመግሉ ይወጣል ማለት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ሕይወት ያለው ሥጋ ማልበስ ነው። ባዕድ ነገር ደም የለውም፤ ደም በሌለበት የሰውነት ተከላካይ ሠራዊትም ሆነ መድኃኒት አይደርስም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች ደም በደንብ የሚዘዋወርበትን ሥጋ ከነደም ሥሩ አምጥተው ገመዱን ወይም ፓምፑን ይጠቀልሉበታል። አንዳንዴ የደረት ወይም የሆድ ጡንቻ ይዛወራል። ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን ሞራ ነው።

በግ ወይም በሬ ሲታረድ ያየ ሰው ሁሉ ሞራን ያውቃል፤ ሆድ ዕቃን እንደ ነጠላ የሚሸፍነው ስቡ ያለበት ስስ መጋረጃ ነው። በአገራችን ሞራ ገላጮች መጪውን ዘመን ያነቡበት ነበር። ቀዶ ሐኪሞችም ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከብሩት ኖረዋል፤ «የሆድ ፖሊስ» የሚል ስም ያወጡለት፣ በሆድ ውስጥ ችግር ወደተነሣበት ቦታ ሄዶ ስለሚጣበቅና ኢንፌክሽኑን ስለሚከብብ ነው። ደም ሥሩና ተከላካይ ሕዋሳቱ ብዙ ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ ሞራውን ደም የሚያመጣለትን ሥር ሳይቆርጥ ወደ ላይ ስቦ የጸዳውን ፓምፕና ገመድ ያለብሰዋል። በቲታኒየም የተሠራው የዘመናችን መሣሪያ በመጨረሻ የሚጠበቀው ከራሱ ከታካሚው ሆድ በተገኘ ሞራ ነው።

ከዚህ ጋር በአንቲባዮቲክ የተሞሉ ጥቃቅን ዶቃዎችን በቁስሉ ውስጥ ማስቀመጥም የተለመደ ነው። ዶቃዎቹ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እዚያው ይለቅቃሉ፤ በደም በኩል ሊሰጥ የማይችል ከፍተኛ መጠንም በቦታው ይገኛል። ሌላ አማራጭ ለጠፋላቸው ጥቂት ታካሚዎች ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ ቫይረሶችን በሙከራ ደረጃ የተጠቀሙ ማዕከላትም አሉ፤ ይህ ግን ገና ጥናት ላይ ነው።

መነቀል ግድ ሲሆን

ኢንፌክሽኑ ፓምፑን ራሱን ይዞ በምንም አልበገር ሲል ሦስት መንገዶች ይቀራሉ። አንደኛው የታካሚው ልብ በእረፍቱ ዘመን አገግሞ ከሆነ ፓምፑን ጨርሶ ማውጣት ነው፤ ይህ ዕድል የሚገጥማቸው ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛው ፓምፑን አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው። ይህ ከባድ ቀዶ ሕክምና ከመሆኑ ሌላ አዲሱ ፓምፕ በተበከለ አካል ውስጥ ስለሚገባ እርሱም የመያዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ሐኪሞች ወደዚህ የሚሄዱት ሌላ በር ሲዘጋ ነው።

ሦስተኛው የልብ ንቅለ ተከላ ነው። በዚህ ጊዜ ፓምፑም፣ ገመዱም፣ የደከመው ልብም አብረው ይወጣሉ፤ እሾሁ በመጨረሻ ተነቀለ ማለት ነው። ነገር ግን አዲሱን ልብ ሰውነት እንዳይገፋው የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት መሰጠት አለበት። ከኢንፌክሽን ጋር እየተዋጋ ያለን ሰው ጋሻውን ዝቅ አድርግ እንደማለት ነው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች ኢንፌክሽኑን አስቀድመው በተቻለ መጠን ያበርዳሉ፤ በንቅለ ተከላው ዕለት የተበከለውን ሥጋ ሁሉ ያስወግዳሉ፤ ከዚያም አንቲባዮቲኩን ለሳምንታት ያስቀጥላሉ። እንዲህ ያለፉ ብዙ ታካሚዎች በአዲስ ልብ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል።

ማን ቀድሞ ልብ ያግኝ የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በአሜሪካ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የልብ ድልድል ሥርዓት ተጠባባቂ አዋቂዎችን በስድስት ደረጃዎች ይከፍላል። በፓምፑ ላይ ደህና የሆነ ታካሚ አራተኛ ደረጃ ላይ ሲቆይ፣ መሥፈርቱን የሚያሟላ የፓምፕ ኢንፌክሽን ያጋጠመው ወደ ሦስተኛ ደረጃ ከፍ ሊል ይችላል። በፓምፕ ቆይቶ ወደ ንቅለ ተከላ የተሻገረ ሰው ሲነሣ በሰፊው የሚታወቀው የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ነው። በ2010 ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኘው ኢኖቫ ፌርፋክስ ሆስፒታል ፓምፕ ተገጠመለት፤ ከ20 ወራት ያህል በኋላ በ2012 በ71 ዓመቱ አዲስ ልብ አገኘ።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ያለው ሕክምና

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከመድረሱ በፊት ትልቁ ሥራ የሚሠራው በቤት ውስጥ ነው። ቀዳዳዋን በየጊዜው የሚያጸዳውና ፋሻዋን የሚቀይረው ብዙ ጊዜ ሐኪም አይደለም፤ የትዳር አጋር፣ ልጅ ወይም ታካሚው ራሱ ነው። እጅን በደንብ መታጠብ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ የጸዳ ጓንት ማድረግ፣ በታዘዘው ፀረ ተህዋስያን ማጽዳትና ማድረቅ፣ ይህ ሁሉ ለወራትና ለዓመታት ሳይሰለቹ የሚደጋገም ነው።

ገመዱ በሆድ ላይ በማጣበቂያ ታስሮ እንዳይወዛወዝ ማድረግ ከማንኛውም መድኃኒት የማይተናነስ ጥበቃ ነው። ጠበቅ ያለ ቀበቶ ወይም መቀነት ቀዳዳዋን እንዳይፈገፍግ መጠንቀቅ ይገባል። አያት የልጅ ልጁን ሲያቅፍ ገመዱን መሸፈን አለበት።

ውኃም የራሱ ምክር አለው። ገላን መታጠብ የሚፈቀደው ሐኪሞቹ ፈቅደው፣ መሣሪያውም ለዚሁ በተሠራ መሸፈኛ ተሸፍኖ ብቻ ነው። ውኃ ውስጥ መግባት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የመዋኛ ገንዳም ሆነ የባሕር ዳርቻ፣ የቤት ገንዳም ሆነ የጸበል ጥምቀት ልዩነት የለውም። ከጸበል መቅረት ለብዙ ወገኖቻችን ከባድ ነው፤ ስለዚህ ይህን ጉዳይ በጊዜው ለሐኪሙም ለንስሐ አባትም ግልጽ አድርጎ ተነጋግሮ መፍትሔ መፈለግ ከጸጸት ያድናል። በጾም ወራት የሚበዛው ጎመንና ሌላ ቅጠላ ቅጠልም ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ሥራ ስለሚቀንስ፣ የአመጋገብ ለውጥን አስቀድሞ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያውን ምልክት አለመናቅ ነው። መቅላት፣ ሙቀት፣ አዲስ ሕመም፣ በፋሻው ላይ የታየ እርጥበት ወይም ሽታ፣ ትኩሳት ሲኖር ነገ ይሻለኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በመጀመሪያው ሳምንት በአንቲባዮቲክ ሊመለስ ይችል የነበረ ነገር ከወር በኋላ የቀዶ ሕክምና ክፍል ይፈልጋል።

ገመዱ የሚቀርበት ቀን

ቀዶ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ችግሩን ከሥሩ ለመንቀል ሲጥሩ ቆይተዋል። አንዱ ጥረት በሩን ወደተሻለ ቦታ ማዛወር ነበር። በ2000 በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ቀዶ ሐኪሙ ስቴፈን ዌስታቢና ባልደረቦቹ ፒተር ሆውተን ለተባለ ታካሚ ጃርቪክ 2000 የተባለውን ፓምፕ ሲገጥሙ፣ ገመዱን በሆድ ሳይሆን ከጆሮ ጀርባ በራስ ቅል አጥንት ላይ በተበሰረ የቲታኒየም መሰኪያ አስወጡት። በዚያ ቦታ ቆዳው ቀጭን ነው፣ ደም ይበዛዋል፣ ከአጥንት ጋር ስለሚጣበቅም አይወዛወዝም። ሆውተን ከዚያ በኋላ ከ7 ዓመት በላይ ኖረ።

ሌላው ጥረት በሩን ጨርሶ መዝጋት ነው። ኤሌክትሪክን በቆዳ ላይ ያለ ሽቦ ማሻገር እንደሚቻል በ1999 በጀርመን በተገጠመው ላየንሃርት በተባለ ፓምፕ፣ በ2001 ደግሞ በአሜሪካ ሉዊቪል በተገጠመው አቢዮኮር በተባለ ሙሉ ሰው ሠራሽ ልብ ታይቷል። መሣሪያዎቹ ግን ግዙፍ ስለነበሩ አልዘለቁም። ቀጥሎም በካዛክስታን ዋና ከተማ አስታና ለሁለት ታካሚዎች አንድ እስራኤላዊ ኩባንያ በሠራው ገመድ አልባ የኃይል ማስተላለፊያ የሚሠራ ፓምፕ ተገጠመላቸው። በደረት ዙሪያ በሚታሠር ቀበቶ አማካይነት በውስጥ ያለው ባትሪ ይሞላል፤ ታካሚው ቀበቶውን አውልቆ ለሰዓታት ምንም ሳይሸከም መንቀሳቀስ ይችላል። ውጤቱ በ2019 ይፋ ሆነ። ለጥንቃቄ ሲባል ለእነዚህ ታካሚዎች የተለመደው ገመድም አብሮ ቀርቶ ነበር፤ ስለዚህ የመጨረሻው እርምጃ ገና ነው።

ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ የልብ አጋዥ ፓምፕ ታካሚ ከእሾሁ ጋር የሚኖር ሰው ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉን ይከፍታል፣ ገመዱን ያዛውራል፣ በሞራና በጡንቻ ያለብሳል፤ በዚህም ታካሚው ለልጁ ሠርግ፣ ለልጅ ልጁ ክርስትና ወይም ለአዲስ ልብ የሚደርስበትን ጊዜ ይገዛል። የዚያ ሁሉ ድካም መነሻ ግን በሆድ ላይ ያለች ከአዝራር የማትበልጥ ቀዳዳ ናት። እርሷን በየማታው አጎንብሶ፣ ጓንት አጥልቆ፣ መብራት አስጠግቶ የሚመለከት የቤተሰብ አባል ካለ፣ ቀዶ ሐኪሙ ሥራ የሚፈታበት ቀን ይበዛል።